በረኛ ሲሾም

በሰፈር ኳስ በረኛ አይመረጥም፤ ይተርፋል። እኛ አራት ኪሎ ስናድግ ሕጉ ይኸው ነበር። ሁለት ጎበዞች ፊት ለፊት ይቆሙና ተራ በተራ ተጫዋች ይጠራሉ። መጀመሪያ አብዶ የሚችለው ይጠራል፤ ቀጥሎ ሯጩ፤ ቀጥሎ ባለ ኳሱ (ባይችልም ግድ ነው፤ ተቀይሞ ኳሷን ይዞ ቤቱ ቢገባስ?)። ሁሉም ተጠርቶ ሲያበቃ አንድ ልጅ ይተርፋል። ያ የተረፈ ልጅ ሄዶ በሁለት ድንጋዮች መካከል ይቆማል። ያ ልጅ እኔ ነበርኩ።

በድንጋዮቹ መካከል የቆመ ልጅ ሌሎቹ የማያዩትን ያያል። እነርሱ ኳሷን ሲያሳድዱ እርሱ ኳሷ ከየት እንደተነሣች ይመለከታል። አጥቂው ለጓደኛው ማቀበል ሲገባው አብዶ ልሥራ ብሎ ተነጠቀ። አማካዩ ተመልሶ መከላከል ሲገባው ወገቡን ይዞ ቆመ። አንዱ ተከላካይ «ያንተ ናት!» ብሎ ለሌላው ተወ፤ ያኛውም «ያንተ ናት!» አለ። ይህ ሁሉ ጥፋት ተጠራቅሞ፣ ፍጥነት ጨምሮ፣ በመጨረሻ ወደ አንድ ልጅ ይመጣል። ኳሷ ከድንጋዮቹ መካከል አልፋ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ስትንከባለል ጣት ሁሉ የሚቀሰረው ወደ እርሱ ነው። «አንተ ፈዛዛ!» ይባላል። ከአስፋልቱ ሄዶ የሚያመጣትም እርሱ ነው።

አጥቂ ዘጠኝ ጊዜ ስቶ በአሥረኛው ቢያገባ በትከሻ ተሸክመውት ይዞራሉ። በረኛ ዘጠኝ ጊዜ አድኖ በአሥረኛው ቢሳሳት ግን የሚታወሰው አሥረኛው ብቻ ነው። ጋዜጦች «ግብ ጠባቂ» ይሉታል፤ ሰፈር ግን «በረኛ» ነው የሚለው፤ እኔም የሰፈሩን ቃል እመርጣለሁ። በረኛ የቤት በር የሚጠብቅም ሰው ነውና። ያም ሰው ምንም ሳይሰረቅ ላደረው ሌሊት የሚያመሰግነው የለም። የተሰረቀ ለት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ከዚያ ከልጅነቴ ጀምሮ አብረውኝ የኖሩ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፦ በአሥር ሰዎች እጅ ያለፈ ጥፋት እንደምን የአንድ ሰው ጥፋት ይሆናል? ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፦ ያ በር ላይ የቆመ ሰው አንድ ቀን ቢሾም፣ አሰላፊና አዛዥ ቢሆን፣ በሩን ያስታውሰዋልን?

* * *

ሰኔ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከአራት ኪሎ ሐውልት ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ ቡና ቤት፣ ወንበር አጥተን ግድግዳ ተደግፈን የዓለም ዋንጫ እናያለን። ሞስኮ፣ ሉዥኒኪ ስታዲየም፤ ሩሲያና ስፔን። ስፔኖች ከ1000 በላይ ኳስ ተቀባበሉ፤ ሩሲያዎች በራሳቸው ሜዳ ተሰብስበው ጠበቁ። ተጨማሪው ሰዓትም 1 ለ 1 አለቀ። በፍፁም ቅጣት ምት የሩሲያው አምበልና በረኛ ኢጎር አኪንፌቭ መጀመሪያ የኮኬን አዳነ። በመጨረሻ ኢያጎ አስፓስ መጣና መታ። አኪንፌቭ ወደ ቀኙ ወደቀ፤ ኳሷ ግን ወደ መሐል ሄደች። ከኋላ ቀርታ የነበረችው ግራ እግሩ ነካቻትና ወጣች። 4 ለ 3። ቡና ቤቱ ተናወጠ፤ ለስፔን ሲደግፍ የነበረው ሁሉ ሳይቀር ጮኸ።

ሰው ሁሉ አኪንፌቭን ሲያይ የእኔ ዓይን የሄደው ሜዳው ዳር ወደቆመው ራሰ በራ፣ ባለ ሪዝ ሰውዬ ነው። አሠልጣኙ ስታኒስላቭ ቼርቼሶቭ ነው። ይህ ሰው ራሱ በረኛ ነበር።

ቼርቼሶቭ እ.ኤ.አ. በ1963 በሰሜን ኦሴቲያ፣ አላጊር በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1984 ወደ ሞስኮው ስፓርታክ ገባ። ገባ እንጂ አልቆመም፤ በበሩ ላይ የሶቪየት ኅብረቱ ስመ ጥር በረኛ ሪናት ዳሳዬቭ ነበረና። የሁለተኛ በረኛን ኑሮ ልብ በሉ። አጥቂ ቢደክም ይቀየራል፤ አማካይ ቢከፋም ይቀየራል። በረኛ ግን ካልቆሰለ ወይም ካልተባረረ በቀር ቦታ አይለቅም። ስለዚህ ሁለተኛው በረኛ ጓንቱን አጥልቆ ተቀያሪ ወንበር ላይ ዓመት ይቆጥራል። ለራሱ መልካም ቢመኝ ለጓደኛው ክፉ መመኘት ይሆንበታል። ቼርቼሶቭ በዚህ ዓይነት ቆይቶ፣ ለአንድ ዓመትም ወደ ሎኮሞቲቭ ሄዶ፣ ዳሳዬቭ በ1988 ወደ ስፔኑ ሴቪያ ከተሻገረ በኋላ በሩን አገኘ። በ1989 ስፓርታክ የሶቪየት ሻምፒዮን ሲሆን፣ በ1992 እና በ1993 ደግሞ የሩሲያ ሻምፒዮን ሲሆን በበሩ ላይ የቆመው እርሱ ነበር። ቀጥሎ ወደ ጀርመን ድሬስደን፣ ከዚያም ወደ ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ሄዶ በተከታታይ ሦስት ሻምፒዮናዎች አየ።

እኛ አፍሪካውያን ሳናውቀው የምናስታውሰው አንድ ነገርም አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ሩሲያ ካሜሩንን 6 ለ 1 ስትረታ፣ ሮጀር ሚላ በ42 ዓመቱ አንዲቷን ጎል አገባ። በዓለም ዋንጫ ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ጎል አግቢ ያሰኘችው ጎል ናት። ያን ዕለት በሩሲያ በር ላይ የነበረው ቼርቼሶቭ ነው። ለእኛ ታሪክ የሆነችው ኳስ፣ ለእርሱ ጎንበስ ብሎ ከመረብ የሚያወጣት ኳስ ናት። የአንዱ ደስታ የሌላው ጎንበስ ማለት መሆኑን ከበረኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ኩፍሽታይን በምትባል የኦስትሪያ ትንሽ ከተማ ክለብ ማሠልጠን ጀመረ። ወደ ስፓርታክ ተመለሰ፤ ተሰናበተ። ግሮዝኒ፣ ፔርም፣ ዳይናሞ ሞስኮ እያለ ዞረ። በ2016 የፖላንዱን ሌግያ ዋርሶን የሊግና የዋንጫ ባለድል አደረገ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሩሲያን ብሔራዊ ቡድን ተረከበ። ዓለም ወደ ቤቷ ልትመጣ ሁለት ዓመት የቀራትን፣ ግን በማንም ዘንድ ተስፋ ያልተጣለባትን ሩሲያ። ውድድሩ ሲጀመር ቡድኑ በዓለም 70ኛ ደረጃ ላይ ነበር፤ ከተካፋዮቹ ሁሉ የመጨረሻው።

ዋናው ነገር ግን የአኪንፌቭ ጉዳይ ነው። አኪንፌቭ እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ከደቡብ ኮሪያ ጋር ሲጫወቱ፣ እጁ የገባች ቀላል ኳስ አምልጣው መረብ ውስጥ የገባችበት ሰው ነው። ያን ጊዜ ያየው ሁሉ ያስታውሳታል። ቼርቼሶቭ ከመጣ በኋላም፣ በ2017 የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ካዛን ላይ ከሜክሲኮ ጋር ሲጫወቱ፣ በሩን ለቆ ወጣና ሎዛኖ በጭንቅላቱ ቀደመው። 2 ለ 1። አስተናጋጇ ሩሲያ ከምድቡ ተሰናበተች። በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ዋንጫ ነው። አሠልጣኝ ራሱን ማዳን ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም፤ «በረኛው ነው» ብሎ በረኛውን መለወጥ ነው። ማንም አይወቅሰውም። ቼርቼሶቭ ግን አልለወጠውም። በሩንም የአምበልነት ምልክቱንም አስይዞ ወደ ሉዥኒኪ ይዞት ወጣ።

* * *

እዚህ ላይ ታሪኩን ብዘጋው ያማረ ተረት ይሆን ነበር። በር ላይ የቆመ ሰው ተሾመ፤ በር ላይ የቆመውን አልረሳም፤ እግዚአብሔርም በግራ እግር ካሰው። ነገር ግን እውነቱ እንደዚህ አይጣፍጥም፤ ሁለት ነገሮች ይቀሩታል።

አንደኛው ነገር ያቺ ግራ እግር ናት። አኪንፌቭ ኳሷ ወደምትመጣበት አልዘለለም፤ ወደ ሌላ ወገን ነው የወደቀው። ኳሷ ጥቂት ከፍ ብላ ብትመጣ ኖሮ እግሩን ሳትነካ ታልፍ ነበር። ያው ሰው፣ ያው ዝላይ፣ ያው ውሳኔ፤ ግን ጀግና መሆኑ ይቀር ነበር። አሠልጣኙም «ይህን በረኛ እያየ የያዘ ግትር» ይባል ነበር።

ይህን ጉዳይ ያነሱ ሁለት ፈላስፎች አሉ። እንግሊዛዊው በርናርድ ዊልያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ዕድል ጽፈዋል። ሐሳቡን ወደ እኛ መንገድ ላምጣው። ሁለት ሾፌሮች ፍሬናቸውን ሳያስፈትሹ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ ይነዳሉ እንበል። አንደኛው ቤቱ በሰላም ገባ። በሁለተኛው ፊት ግን ሕፃን ኳሱን ተከትሎ መንገድ ገባ። የሁለቱ ቸልተኝነት አንድ ነው። አንዱ ግን እራቱን በልቶ ተኛ፤ ሌላው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ «ነፍሰ ገዳይ» ነው። ፍርዳችን የሰውየውን ልብ ሳይሆን የሕፃኑን ሩጫ ተከትሎ ነው የሄደው። ትክክል ነውን? አይደለም እንዳንል፣ የሞተ ሕፃን አለ። ነው እንዳንል ደግሞ፣ ሌላው ሾፌር እኛው ጋር ቡና እየጠጣ ነው።

በረኛ የዚህ ጥያቄ ሕያው ምሳሌ ነው። አልጄሪያ የተወለደው ጸሐፊ አልቤር ካሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የኖቤል ሽልማት የወሰደው፣ በወጣትነቱ አልጀርስ ውስጥ በረኛ ነበር፤ በ17 ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነው የተወው። ስለ ሥነ ምግባር ላወቀው ነገር የእግር ኳስ ባለ ዕዳ መሆኑን በኋላ ጽፏል። ይህን ሳነብ አልተደነቅሁም። ኳስ ከምትጠበቅበት አቅጣጫ እንደማትመጣ የሚያውቅ፣ መጥታ ስታልፈውም ቆሞ ዓይን ሁሉ የሚያርፍበት ሰው ስለ ፍርድ ቢያስብ ምን ይገርማል?

የሩሲያዎቹ ታላቅ በረኛ ሌቭ ያሺንም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በ1962 በቺሊው የዓለም ዋንጫ ቡድኑ ከኮሎምቢያ ጋር 4 ለ 4 ወጣ፤ ከማዕዘን በቀጥታ የተመታች ኳስም ገባችበት። ቀጥሎ በቺሊ 2 ለ 1 ተሸንፈው ሲሰናበቱ ወቀሳው ሁሉ በእርሱ ላይ ወረደ። በዓመቱ፣ በ1963፣ ያው ያሺን የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የወርቅ ኳስ ተሸለመ። ከእርሱ በፊትም ሆነ ከእርሱ በኋላ ያን ሽልማት የወሰደ በረኛ የለም። በአንድ ዓመት ውስጥ የተለወጠው ያሺን ነውን ወይስ ፈራጁ?

ሁለተኛው የሚቀር ነገር ራሱ ቼርቼሶቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ሩሲያ የመጀመሪያ ጨዋታዋን በቤልጅየም 3 ለ 0 ተሸነፈች። በሁለተኛዋ ጎል ላይ በረኛው አንቶን ሹኒን የተፋት ኳስ ነበረች። በሚቀጥለው ጨዋታ በበሩ ላይ ሹኒን የለም፤ ማትቬይ ሳፎኖቭ ነው። እንግዲህ ያው አሠልጣኝ አንዱን በረኛ ይዞ ቆየ፤ አንዱን በአንድ ጨዋታ ቀየረ። በር ላይ መቆም ሰውን ጻድቅ አያደርገውም ማለት ነው። አሠልጣኝ በረኛ መቀየር መብቱ ነው፤ አንዳንዴም ግዴታው ነው። ጥያቄው መቀየሩ ላይ አይደለም። ሲቀይር ጥፋቱን ሁሉ አሸክሞት ነው የሚያስወጣው ወይስ ከራሱ ድርሻ ቀንሶ? እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሳይሆን ሳይሆን ቡድኑ በዴንማርክ 4 ለ 1 ተሸነፈና በሐምሌ ቼርቼሶቭ ራሱ ተሰናበተ። ሲያዩት አሠልጣኝም በረኛ ነው። የእርሱ በር ሰፋ ያለ ነው፤ እጁን መጠቀም ግን አይፈቀድለትም።

* * *

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

ጥር 13 ቀን ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ሁለት ጊዜ ታላቅ ቀን ነበር። የመጀመሪያው በ1954 ዓ.ም. ነው። ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ባለፉ ማግስት አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ፤ በይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነው ቡድናችን ግብፆችን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታ። ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፤ ያገቡትን አራቱን ስም ኳስ የሚወድ የአራት ኪሎ ሽማግሌ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግመዋል። እስቲ በረኛውን ጠይቁት። ዝም ይላል፤ ቅንድቡን ይቋጥራል፤ «ቆይ … አፌ ላይ ነው» ይላል። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። ሁለት ጊዜ ስንመራ፣ ሁለት ጊዜ ከመረብ ኳስ አውጥቶ እንደገና የቆመ ሰው ነው። በዚያ ተጨማሪ ሰዓት ሦስተኛ ብትገባበት ኖሮ ግን ስሙን ማንም አይረሳውም ነበር።

ሁለተኛው ጥር 13 የመጣው ከ51 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት መጥፋት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት ላይ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠሙ። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሳላዲን ሰኢድ የመታት ፍፁም ቅጣት ምት በዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከሳጥኑ ወጥቶ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ቺሳምባ ሉንጉን መታና ቀይ ካርድ አየ። በአሥር ሰው አንድ ሰዓት ያህል ተጋድለው አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጡ። በዚያ ሳምንት በየቡና ቤቱ የሰማሁት ወሬ ግን ከሁለቱ ስለ አንደኛው ብቻ ነበር። የአጥቂው መሳት «ዕድል» ተባለ። የበረኛው መሳሳት «ጥፋት» ተባለ። ጀማል አላጠፋም ማለቴ አይደለም፤ አጥፍቷል፤ ካርዱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ለአንዱ ዕድል የሚል ቃል ካለን ለሌላው ከየት ጠፋ?

የዚያ ውድድር ፍጻሜያችን ደግሞ ልብ ይነካል። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተረታን። በመጨረሻው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ በሁለተኛው ላይ በረኛው ሲሳይ ባንጫ ተባረረ። መቀየሪያ አልቆ ነበርና አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። ጀማል፣ ዘሪሁን ታደለ፣ ሲሳይ፤ በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኞች፣ በመጨረሻም በረኛ ያልሆነ ሰው። ያን ጊዜ ስለ አዲስ ሕንፃ ክፉ የተናገረ አልሰማሁም። ኳሷ ብትገባበትም ማን ይወቅሰዋል? «የእርሱ ቦታ አይደለማ!» እንላለን። ለካ ምሕረት ማድረግ እንችላለን። የሰውየውን ችግር ቆም ብለን ስናየው እንችላለን።

* * *

ይህን ሁሉ ስጽፍ ራሴን ከፈራጆቹ ወንበር ላይ እንዳላስቀመጥኩ መናዘዝ አለብኝ። ጽሑፉን ያስጀመረኝም ይኸው ነው።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ በወጣሁ በዓመቱ ለአንድ ጋዜጣ የስፖርት ዜና እሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ አንድ ክለብ በባከነ ሰዓት በገባች ጎል ተሸነፈ። ኳሷ ከበረኛው እጅ ነው ያመለጠችው። እኔ፣ የአራት ኪሎው በረኛ፣ ርዕስ ጻፍኩ፦ «ጨዋታውን በረኛው ሸጠው»። «ሸጠ» የሚለው ቃል በኳስ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ማስረጃ አልነበረኝም። ጥርጣሬም እንኳ አልነበረኝም። ቃሏ አጭር ናት፤ ርዕስ ላይ ታምራለች፤ በቃ። ያን ጊዜ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጋዜጣ በኪራይ የሚያነብ ሕዝብ ነበር፤ ርዕሴን ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆሜ አይቼ ደስ ብሎኛል።

በዓመቱ መጨረሻ ሰውየው ከክለቡ ተሰናበቱ። ከእኔ ርዕስ የተነሣ ነው ማለት አልችልም፤ አይደለም ማለትም አልችልም። ከላይ የተረክኋቸው ሁለት ሾፌሮች እዚህ ላይ ይመለሳሉ። ክለቡ ቢያስቀራቸውም ኖሮ የእኔ ፍሬን ያው የተበላሸ ፍሬን ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ሰውየው ጃን ሜዳ ላይ ሕፃናት እንደሚያሠለጥኑ ሰማሁና አንድ ማለዳ ሄድኩ። ፀጉራቸው ገብስማ ሆኗል። ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። ስሜን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ።

«ርዕሱን አስታውሰዋለሁ» አሉኝ። «እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ጎረቤት ነው ያነበበላት።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ኳሷ የእኔ ነበረች። እርሷን አልክድም፤ ከእጄ ነው ያመለጠችው። አልሸጥኩም ግን።»

«አውቃለሁ።»

«ያኔስ ታውቅ ነበር?»

እንዳላወቅሁ፣ ለማወቅም እንዳልጣርኩ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጆቹ ሲጫወቱ እያዩ እንዲህ አሉኝ፦ «ስድቡን በጋዜጣ ጻፍክ፤ ይቅርታውን ግን በጆሮዬ ነው ያመጣኸው። ስድብ በአደባባይ፣ ይቅርታ በጓዳ … ይህ ልክ ይመስልሃል፣ ወንድሜ?»

ልክ አይመስለኝም። እነሆ በአደባባይ አመጣሁት፦ ያ ርዕስ ሐሰት ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የሰውየውን ስም የማልጠራው ራሳቸው «ስሜን ግን አትጻፍ፤ አንዴ ይበቃል» ስላሉኝ ነው።

ሰውየው ልጆቹን እንዴት እንደሚያሠለጥኑ ተቀምጬ አየሁ። ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ ማንም ልጅ በተራው በር ላይ ይቆማል፤ ከሁሉ የሚያገባው አጥቂም ሳይቀር ሳምንቱ ሲደርስ ጓንት ያጠልቃል። ሁለተኛው፣ ጎል ሲገባ ጨዋታው ይቆምና «ኳሷ ከየት ተነሣች?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹ ከመረቡ ጀምረው ወደ ኋላ እየተራመዱ ይቆጥራሉ፤ እዚህ አመለጠችኝ፣ እዚህ ተነጠቅሁ፣ እዚህ ሳልመለስ ቀረሁ። በረኛውም ከዝርዝሩ አይወጣም፤ «እኔም ዘግይቼ ወጣሁ» ይላል። የአንዱ ጥፋት የሌላውን አይሰርዘውም። ሲያበቃ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ኳሷን ከመረብ የሚያወጣት ግን መጀመሪያ የተነጠቀው ነው።

አየሁና አፈርኩ። ለሃያ ምናምን ዓመት የተሸከምኩት ጥያቄ መልሱ የልጆች ልምምድ ሆኖ አገኘሁት። ጥፋት እንደ ዳቦ አይደለም፤ ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው አያልቅም። በረኛው አጥፍቷል ስንል አሥሩ ነጹ ማለት አይደለም። አሥሩ አጥፍተዋል ስንልም በረኛው ነጻ ማለት አይደለም። «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» የሚለው ተረታችን የሚወቅሰው ዛፉን አይደለም፤ ምሣር ያነሡትን ነው።

* * *

አራት ኪሎ በአገራችን ንግግር የሰፈር ስም ብቻ አይደለችም። «አራት ኪሎ ገባ» ከተባለ ተሾመ፣ ሥልጣን ያዘ ማለት ነው። እኛ ኳስ የተጫወትንበት መንደር በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት አንዱ ነው፤ ድንጋዮቹም የሉም። የሹመቷ አራት ኪሎ ግን አለች። የእኛ ኑሮ ደግሞ በበረኞች የተሞላ ነው። መስኮት ላይ ተቀምጣ የስድብ መዓት የምትቀበል ጸሐፊ አለች፤ ሰነዱን ያዘገየው ግን ሌላ ነው። መድኃኒት የለም ብላ የምትረገም ነርስ አለች፤ መድኃኒቱን ያላዘዘው ግን ሌላ ነው። የተሰረቀው ንብረት ከደመወዙ የሚቆረጥበት ዘበኛ አለ፤ አጥሩን ያላሳጠረው ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ በጊዜው ይሾማል። ያን ጊዜ ነው ሰው የሚታየው።

ሰፈር ውስጥ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለ። ሹመት መብያ ከሆነ ተረቱ ልክ ነው። ሹመት አሠልጣኝነት ከሆነ ግን የሚቆጨው ሌላ ነገር መሆን አለበት፤ ሲሾም በር ላይ የቆመበትን ቀን የረሳ፣ ሲሻር ተመልሶ እዚያው በር ላይ ራሱን ያገኘዋል፤ ቼርቼሶቭም አግኝቶታል። ሌሎች ጣት ሲቀስሩበት የሚያስታውሰው ምን ይሆን? የቀየረው በረኛ ወይስ ይዞት የቆመው?

ከጃን ሜዳ ስመለስ ጎል ገብቶ ነበር። አንዲት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ በሩ ላይ ቆማ እንባዋን ታብሳለች። ሰውየው ወደ እርሷ አልሄዱም፤ ፉጨት ነፉና ሌሎቹን ጠሩ። «ኳሷ ከየት ተነሣች?» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ልጅ ከሜዳው መሐል እጁን አወጣ።